«ራውንድ ላይ ከኋላ ቆሜ ነው የምውለው»

ጥያቄው (አጠር ተደርጎ የቀረበ)

«ፋርማሲስት ነኝ፤ 27 ዓመቴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል መድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ ሠራሁ። ከአራት ወር በፊት ‹ከዛሬ ጀምሮ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነሽ› ተባልኩና ውስጥ ደዌ ዋርድ ተመደብኩ። ምን እንደምሠራ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ሐኪሞቹ አልጋ በአልጋ እየዞሩ በሽተኛ በሚያዩበት ራውንድ ላይ ከሁሉም ኋላ ቆሜ ነው የምውለው። ባለፈው ሳምንት ቫንኮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስዱ አንድ አባት ክሬቲኒናቸው (የኩላሊት ምርመራ ውጤታቸው) በሁለት ቀን ከ0.9 ወደ 1.6 እንደወጣ አየሁ። ‹ዶዙ ቢታይ?› አልኩ። ሬዚደንቱ (ለስፔሻሊስትነት እየሠለጠነ ያለው ሐኪም) ቀና ብሎ ሳያየኝ ‹እናየዋለን› አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። እኔም ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ‹ያኔ ሕክምና ብትማሪ ኖሮ› ትለኛለች። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ የሽያጭ ሥራ አቅርቦልኛል፤ ደሞዙም ይሻላል። ልሂድ ወይስ ልቆይ? ብቆይስ ይሄ ሙያ የት ያደርሰኛል?»
ከኋላ የቆመችው

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለምን እንዳለቀስሽ ገብቶኛል። እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት፤ ብዙ ዓመት ዋርድ ላይ ሠርቻለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ያየሽው ነገር ትክክል ነበር። ክሬቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 እንኳ ከጨመረ ኩላሊቱ ድንገተኛ ጉዳት እንደደረሰበት ነው የሚቆጠረው። ያንቺ በሽተኛ በ0.7 ነው የጨመረባቸው። ቫንኮማይሲን ደግሞ የሚወገደው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ የተጠራቀመው መድኃኒት ደግሞ መልሶ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አዙሪት ይሆናል። ያንን አዙሪት ገና ሲጀምር ያየሽው አንቺ ነሽ። ሥራሽ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም ብለሻል። ሥራሽ ይሄው ነው፤ ግማሹን ሠርተሽዋል።

የቀረው ግማሽ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም መሄድሽም መቆየትሽም የሚወሰነው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

«ዶዙ ቢታይ?» ስትይ ሬዚደንቱ ምን ሰማ? ምናልባት ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ነው። ፊቱ ሃያ በሽተኛ አለ። አንቺ ያቀበልሽው ሌላ የቤት ሥራ ነው። ስንት እንደሚቀነስ፣ መቼ እንደሚለካ፣ ማን እንደሚከታተለው ሁሉ በሱ ላይ ተጨመረ። «እናየዋለን» ማለቱ አንቺን ለመናቅ ላይሆን ይችላል፤ እጁ ሞልቶበት ነው። አሁን ይሄን አስቢ፦ «ዶክተር፣ የአልጋ 6 ክሬቲኒን በሁለት ቀን ከ0.9 ወደ 1.6 ወጥቷል፤ ቫንኮማይሲኑ እየተጠራቀመ ይመስለኛል። የዛሬውን የማታ ዶዝ ለጊዜው አንስጠው፤ የመድኃኒቱን መጠን ከደም ላይ እናስለካ፤ ውጤቱን ይዤ ነገ ጠዋት አዲሱን ዶዝ አስልቼ እመጣለሁ።» ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። የሱ ድርሻ «እሺ» ማለት ብቻ ነው። በዚህ ላይ «እናየዋለን» ማለት ይከብዳል።

እንዲህ ለመናገር ግን ከራውንዱ በፊት ቻርቱን ማንበብ አለብሽ። ኩላሊት የሚጎዳ ሌላ መድኃኒት አብሮ አለ ወይ? ጄንታማይሲን? ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ የተጨመረ ዳይክሎፌናክ? ካልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን የሚለየው ምርመራ፣ ምን አለ? ቫንኮማይሲን የግድ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ካልተገኘና በሽተኛው እየተሻላቸው ከሆነ ደግሞ ትልቁ ምክርሽ ዶዝ ማስተካከል ሳይሆን «መድኃኒቱን እናቁመው» ሊሆን ይችላል። ሰው ክሊኒካል ፋርማሲስት ሲባል መድኃኒት የሚጨምር ይመስለዋል። እኔ ዋርድ ላይ ከሰጠኋቸው ምክሮች የምኮራባቸው አብዛኞቹ የማቆም ምክሮች ናቸው።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። ዋርድ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የልብ ምታቸው የተዛባ አንድ አዛውንት ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ አይኤንአራቸው (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር) 2.4፣ ማለትም መሆን በሚገባው በ2 እና በ3 መካከል። ለሆድ ኢንፌክሽን ሜትሮኒዳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው። ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋል፤ ደሙ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ይሄን አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ራውንዱ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እነዚህ ሁለቱ አይስማሙም እኮ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም፣ ወይም የሰማም መልስ አልሰጠኝም። አልደገምኩትም። ቻርቱ ላይም አልጻፍኩትም። ተናግሬያለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ነርሷ ትራሱን እየቀየረች ነበር። የትራሱ ልብስ ላይ ደም አለ፤ ከድዳቸው ነው። እጃቸው ላይ መርፌ የተወጋበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። አይኤንአሩ 7 ሆኖ መጣ። ቫይታሚን ኬ ተሰጣቸው፤ ዳኑ፤ ወደ ቤታቸውም ሄዱ። ያ የትራስ ልብስ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ በኛ ሙያ የሚቀረው ማዕረግ ብቻ ቢሆን ምንኛ በተሻለ! እኔ ያን ቀን መናገር የነበረብኝ «አይስማሙም» ብዬ አይደለም። «የዋርፋሪኑን ዶዝ አሁኑኑ እንቀንስ፣ በሦስተኛው ቀን አይኤንአር እናስለካ፣ እኔ እከታተለዋለሁ» ነበር የሚባለው። ካልተሰማሁ ደግሞ ከራውንዱ በኋላ ሐኪሙን ብቻውን አግኝቼው መድገም፣ ከዚያ መጻፍ። ሁሌም መጻፍ! ያልተጻፈ ምክር ተረኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ራውንዱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ግቢ። ሠላሳውንም በሽተኛ አዳርሳለሁ አትበይ፤ አትጨርሺም፤ ባልጨረስሽ ቁጥር ደግሞ ወኔሽ ይሰለባል። አምስት ምረጪ። ኩላሊታቸው የደከመ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከስምንት በላይ መድኃኒት የሚወስዱ፣ አንቲባዮቲክ ከጀመሩ ሦስተኛ ቀናቸው የሆነ፣ ደም ማቅጠኛ ላይ ያሉ። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እነዚህ ላይ ነው።

«ክሬቲኒኑ ኖርማል ነው» የሚል ነገር ቻርት ላይ ስታይ ደግሞ ዝም ብለሽ አትለፊው። የ78 ዓመት እናት አሉ እንበል፤ ክብደታቸው 42 ኪሎ፤ ክሬቲኒናቸው 1.1። ላብራቶሪው ወረቀት ላይ ቀይ ምልክት የለም። ሁሉም ሰው ያልፈዋል። አንቺ ግን በተለመደው የኩላሊት ቀመር አስይው፦ ከ140 ላይ 78 ሲቀነስ 62፤ በ42 ሲባዛ 2604፤ ለ72 እና ለ1.1 ብዜት ሲካፈል 33 ገደማ፤ ሴት ስለሆኑ በ0.85 ሲባዛ 28። የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም በደቂቃ 28 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው! እኚህ እናት እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው ኢኖክሳፓሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ መርፌ በቀን ሁለት ጊዜ ታዞላቸው ከሆነ፣ ከ30 በታች ስለሆኑ በቀን አንድ ጊዜ ነው መሆን ያለበት። አለበለዚያ ይደማሉ። ይሄን ስሌት ሐኪሙም ያውቀዋል። ዕለት ዕለት፣ አልጋ በአልጋ፣ ሳይሰለች የሚያሰላው ሰው ነው የሚጠፋው። ያ ሰው አንቺ ከሆንሽ ሁለት ወር ሳይሞላ «እስቲ ፋርማሲስቷን ጠይቋት» መባል ይጀምራል።

ከአልጋው አጠገብም ቁጭ በይ። ይሄን በጣም ነው የማሳስብሽ። ሦስት ዓመት መስኮት ላይ ሠርተሻል፤ ያ ጊዜ የባከነ እንዳይመስልሽ፤ ከሰው ጋር ማውራት ተምረሽበታል። በሽተኛው ሲገባ ቤት የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ አስታማሚው በፌስታል ይዞ እንዲመጣ አድርጊ። አልጋው ላይ ዘርግፊው። ስሙ የተለያየ፣ ውስጡ ግን አንድ የሆነ መድኃኒት ከሁለት ፋርማሲ ገዝተው ሁለቱንም የሚውጡ ሰዎች ታገኛለሽ። «መድኃኒትዎን በደንብ ይወስዳሉ?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ ሁሉም ሰው «አዎ» ነው የሚልሽ። «ትናንት ጠዋት ምን ምን ዋጡ? እስቲ ከዚህ ውስጥ ያሳዩኝ» በያቸው። ሲወጡም እንደዚሁ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት የታዘዘለት ሰው በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን በየቀኑ ቢውጠው መቅኔውን ያደርቅበታል፤ ሰው ሊሞትበትም ይችላል። ስለዚህ የትኛው ቀን እንደሚውጥ አብራችሁ ምረጡ። ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ብለሽ ካርቶኑ ላይ ጻፊለት፤ ከዚያ እሱ መልሶ ይንገርሽ።

ነርሶቹን ወዳጅ አድርጊ። ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ሐኪሙ ያዝዛል፣ አንቺ ትመክሪያለሽ፣ መድኃኒቱን በሽተኛው ሰውነት ውስጥ የምታስገባው ግን ነርሷ ናት። «ይሄ ከዚህኛው ጋር በአንድ መስመር ይሄዳል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ማን ይመልስላታል? ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ካልሲየም ካለው ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ከሪንገር ላክቴት ጋር በአንድ መስመር ሲገናኝ ሊረጋ እንደሚችል፣ ገና በተወለዱ ሕፃናት ላይ ደግሞ ሞት ያስከተለ ነገር እንደሆነ ብትነግሪያት ከዚያ በኋላ አንቺን ሳትጠይቅ አትቀላቅልም። እኔን ዋርድ ላይ ያቆሙኝ ነርሶች ናቸው። ሐኪሞቹ የኋላ ኋላ ነው የመጡት።

አሁን ደግሞ ስለ ሐኪሞቹ። አልፈለጉኝም ብለሽ ደምድመሻል። እኔ አይመስለኝም። ይሄ ሙያ እኮ ዋርድ ውስጥ መታየት የጀመረው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። በ1966 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ፋርማሲስቶች ከምድር ቤት ወጥተው ቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ እንዲቀመጡ ተደረገ። ብዙዎች ክሊኒካል ፋርማሲ ከዚያ ፎቅ ጀመረ ይላሉ። «ፋርማሲስት መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ በሰውየው ላይ የሚያመጣውን ውጤት ጭምር በኃላፊነት ይያዝ» የሚለው ሐሳብ በፋርማሲ ምሁራኑ በሄፕለርና በስትራንድ ጽሑፍ ጎልቶ የወጣው ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ያንቺ ሬዚደንት ያስተማሩት መምህራን ራሳቸው ያለ ፋርማሲስት ራውንድ ያደጉ ሊሆኑ ይችላሉ። አጠገቡ ቆመሽ ምን እንደምትሠሪ ያሳየው ሰው የለም።

ሲያዩት ግን ይቀበላሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የታወቀ ጥናት አለ፤ ቦስተን ውስጥ ማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል ነው የተሠራው። አንድ ልምድ ያለው ፋርማሲስት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ራውንድ ላይ እንዲገኝ ተደረገ። ከትዕዛዝ ስሕተት የሚመጣ፣ መከላከል የሚቻል የመድኃኒት ጉዳት በ66 በመቶ ወረደ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ፋርማሲስቱ ከሰጣቸው 366 ምክሮች ሐኪሞቹ 362ቱን ተቀበሉ። የቀሩት አራት ብቻ ናቸው! ሐኪም ምክር አይወድም የሚለውን ወሬ ስትሰሚ ይሄን ቁጥር አስታውሺ። ፋርማሲስቱ ትዕዛዙ ሲጻፍ እዚያው ነበር። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልክ ደውሎ «ተሳስታችኋል» ከሚል ሰው ጋር አንድ አይደለም።

እሺ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ። የት ያደርሳል? እውነቱን ልንገርሽ፤ መንገዱ እንደ ሐኪሞቹ የተጠረገ አይደለም። ለነሱ ኢንተርን፣ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት እያለ ደረጃው ከነስሙ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። ለኛ በብዙ ሆስፒታሎች ሥራው ቀድሞ ይመጣል፤ ማዕረጉና ደሞዙ ከኋላ እየተንፏቀቁ ይደርሳሉ፣ አንዳንዴም አይደርሱም። ይሄን ሳታውቂ እንድትቆዪ አልፈልግም። ሀገር ከሀገርም ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ገብቶ ክሊኒካል ሥራ መሥራት የሚፈልግ ፋርማሲስት በተለምዶ ከዲግሪው በኋላ አንድ ዓመት ሬዚደንሲ ይገባል፤ በአንድ ዘርፍ መጥለቅ ከፈለገ ሁለተኛ ዓመት ይጨምራል፤ ከዚያም በየዘርፉ የቦርድ ፈተና አለ። እንግሊዝ ውስጥ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ፋርማሲስት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱን ችሎ መድኃኒት ማዘዝ ይችላል። ሌሎች ቦታዎች ዋናው በር በክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርስ መያዝ ነው።

ውስጥ ደዌ መጀመርሽ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ዓይነት በሽታ እዚያ ያልፋል። ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ወደ አንዱ መሳብሽ አይቀርም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ፤ ውሳኔው በሰዓት ነው የሚቀያየረው። ሕፃናት አለ፤ ሁሉም ነገር በኪሎ የሚሰላበት፣ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ስትንሸራተት ዶዙ አሥር እጥፍ የሚሆንበት። ካንሰር አለ፤ እዚያ መድኃኒቱ ራሱ መርዝ ስለሆነ ከመሰጠቱ በፊት ሌላ ሰው ደግሞ የሚያጣራው ትዕዛዝ ነው። አንቲባዮቲክ አጠቃቀምን የሚቆጣጠር ቡድን ውስጥ መግባት ይቻላል፤ እኔ ዛሬ ወጣት ብሆን ይሄን ነበር የምመርጠው፣ ምክንያቱም መድኃኒት የተለማመዱ ባክቴሪያዎች ነገር በጣም ያሳስበኛል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎችን በራሱ የሚከታተል የፋርማሲስት ክሊኒክ ያላቸው ሆስፒታሎችም አሉ። የሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ፣ ማስተማር፣ ምርምር፣ አስተዳደርም አለ። የትኛውን ልምረጥ ካልሽ፣ ቤት ከገባሽ በኋላ በሐሳብሽ የሚመላለሱት በሽተኞች የትኞቹ እንደሆኑ ልብ በይ። ማስተርሱን ከዚያ በኋላ ተመዝገቢ፤ አሁን ተበሳጭተሽ ከዋርዱ ለመሸሽ ብለሽ አይሁን።

እስከዚያው ግን አንድ ደብተር ያዢ። የሰጠሽውን እያንዳንዱን ምክር ቀኑን፣ ችግሩን፣ ያልሽውን፣ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱን፣ በሽተኛው በመጨረሻ ምን እንደሆነ መዝግቢ። የበሽተኛ ስም አትጻፊ። ከስድስት ወር በኋላ አለቃሽ ፊት ደሞዝ ወይም ሥልጠና ስትጠይቂ «ብዙ እሠራለሁ» ከማለት ያን ደብተር መግለጥ ይሻላል። እኔ ለሁለተኛ ፋርማሲስት ቅጥር ያስፈቀድኩት በዚህ ነው፤ ሌላ ምንም መከራከሪያ አልነበረኝም።

ስለ ኩባንያው ሥራ ብዙ አልልም። ነውር የለበትም። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በሙያ ፍቅር አይደለም፤ ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ ማንም ሊፈርድብሽ አይችልም። ግን ያቺን የ«እናየዋለን» ቀን ሸሽተሽ ከሆነ የምትሄጂው፣ እሷ የምትስተካከል ነገር ናት። እኔ አንቺን ብሆን ስድስት ወር ለራሴ እሰጥ ነበር። ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት ዋርድ መግባት የሚያስጠላሽ ከሆነ በሰላም ሂጂ።

እናትሽ ክፉ አላሰቡም። ያዩት የልጃቸውን እንባ ነው። አንድ ቀን አስቀምጠሽ ስለ እኚያ የ42 ኪሎ እናት ንገሪያቸው። ሐኪሟ ጎበዝ ናት፣ ነርሷ ጎበዝ ናት፣ ግን ያን ቁጥር ያሰላው ሰው ባይኖር ምን ይሆኑ እንደነበር አስረጃቸው። ስለ ሕክምና ትምህርት ክርክር አትግጠሚ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሬዚደንቱ ያለውን ጽፈሻል፣ እናትሽ ያሉትን ጽፈሻል፣ የኩባንያውንም ጽፈሻል። አልጋው ላይ የተኙት አባት ምን እንደሆኑ ግን አልጻፍሽም። ቫንኮማይሲኑ ተቀነሰ? ሽንታቸው ይወጣል? ክሬቲኒናቸው ዛሬ ስንት ነው? እስካሁን ዋርዱ ላይ ካሉ ይሄን አንብበሽ እንደጨረስሽ ሄደሽ ቻርታቸውን አውጪ። ያገኘሽውን ቁጥር ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።